አምስት ቀን ለባሌ ተራሮች ይበቃል? ቀይ ቀበሮ ለማየት ከልጆችና ከእናት ጋር

ከቨርጂኒያ (ጥያቄ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። የዘንድሮን ገና አገር ቤት ነው የምናሳልፈው። አዲስ አበባ አራት ቀን ካረፍን በኋላ ከታኅሣሥ 20 ጀምሮ አምስት ሙሉ ቀን ለፓርክ ለይተናል። እኔና ባለቤቴ፣ የ13 እና የ9 ዓመት ወንዶች ልጆቻችን፣ እንዲሁም እናቴ ነን። እናቴ 68 ዓመቷ ነው፤ የደም ግፊት አለባት፣ መድኃኒቷን ግን አታቋርጥም፤ በእግሯም ደህና ትሄዳለች።

ያሰብነው መጀመሪያ አርባ ምንጭ ወርደን አዞውን ማየት፣ ከዚያ በባሌ ዞረን ቀይ ቀበሮ መፈለግ፣ በመጨረሻ አዋሽ ፓርክ አንድ ሌሊት አድረን መመለስ ነው። በአምስት ቀን ይሆናል? ካልሆነ የቱን እንተው? ምን ዓይነት መኪና እንከራይ? ከፍታው ለእናቴና ለትንሹ ልጅ ያሰጋል? ቀበሮውን የማየት ዕድላችንስ ምን ያህል ነው? ልጆቹ ከሁሉ የሚጓጉት ለእሱ ነው።

መንገደኛው፦

እህቴ፣ ካርታ ላይ ቅርብ ለቅርብ ቢመስልም አይሆንም። አርባ ምንጭ ከአዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ቀን ሄደ። ከአርባ ምንጭ ወደ ባሌ አቋራጭ የለም፤ በሶዶ ወደ ሻሸመኔ ተመልሶ ከዚያ ወደ ምሥራቅ መታጠፍ ነው፤ ሁለተኛው ቀን ሄደ። ከባሌ ወደ አዋሽ ሦስተኛው። ልጆቹ ከእንስሳ ይልቅ የመኪና መስኮት ያያሉ። አርባ ምንጭ የጫሞን አዞና ነጭ ሳርን ጨምሮ ለብቻው ሦስት ቀን የሚገባው አገር ነው፤ አውሮፕላንም አለው፣ ለሌላ ጊዜ ይቆይላችሁ። አዋሽ ደግሞ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነ በማንኛውም ጊዜ በሁለት ቀን ይታያል። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ በዚያው በፈንታሌ ተራራ አካባቢ መሬቱ በተደጋጋሚ ተንቀጥቅጧል፤ በየካቲት 2017 መጠኑ 6.0 የደረሰም ነበር። ስለዚህ ለመሄድ ስታስቡ የጊዜውን ሁኔታ አጣሩ።

አምስቱን ቀን በሙሉ ለባሌ ስጡት። ቀይ ቀበሮ የምትፈልጉ ከሆነ ከባሌ የተሻለ ቦታ በዓለም ላይ የለም። በሕይወት ያሉት ሁሉ ተደምረው 500 ገደማ ቢሆኑ ነው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እዚያ ናቸው።

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በሞጆ፣ በባቱና በሻሸመኔ አድርጎ ዶዶላ የሚያደርሰው ነው። ሁለተኛው በፈጣኑ መንገድ አዳማ ገብቶ በአሰላና በበቆጂ ዶዶላ የሚወጣው ነው። ሁለቱም ዶዶላ ላይ ይገናኙና በአዳባ በኩል ዲንሾ ይገባሉ፤ ዲንሾ የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት ነው፣ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል። እኔ የምመክረው በአሰላ ሄዶ በሻሸመኔ መመለስ ነው። በአሰላ በኩል ከባድ መኪናው ይቀንሳል፣ የአርሲ የስንዴና የገብስ ማሳም ዓይን ያጠግባል፤ በመመለሻው ደግሞ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች መንገድ ላይ ናቸው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ብትነሱ ምሳ በመንገድ ላይ በልታችሁ ከመሸ በፊት ትደርሳላችሁ። ከመሸ በኋላ አትንዱ። መብራት የሌለው ፈረስ ጋሪና ባጃጅ፣ አስፋልት ላይ የተኛ ከብት ሁሉ ያኔ ነው የሚገጥመው። የጸጥታውን ሁኔታ ለማወቅ ከመነሳታችሁ ሁለት ቀን በፊት ለምታርፉበት ሆቴልም ለፓርኩም ደውሉ፤ መንገዱን በየቀኑ የሚያዩት እነሱ ናቸው።

መኪናው ሁለት ዲፍረንሻል ይሁን። እስከ ጎባ አስፋልት ስለሆነ ማንኛውም መኪና ይገባል፤ ከጎባ በላይ ወደ ሳነቴ፣ ቀበሮው ወደሚታይበት ከፍተኛ ሜዳ፣ የሚወስደው ግን ዳገትና ፒስታ ነው። ከመረከባችሁ በፊት ስኮርታ ጎማው ነፋስ እንዳለው፣ ክሪኩና የጎማ መፍቻው እንዳሉ በዓይናችሁ እዩ። ሳነቴ ላይ ጎሚስታ የለም፣ ማደያም የለም። ነዳጅ ሮቤ ወይም ጎባ ስትደርሱ ማታውኑ ሙሉ፤ ጠዋት ሰልፍ ከያዛችሁ ቀበሮውን የምታዩበት ሰዓት ያልፋል።

የመጀመሪያዋን ሌሊት ዲንሾ እደሩ፤ በማግስቱ ጠዋት ጋይሳይ ሜዳ ከደጃፋችሁ ነው።

ሽኮኮ፦

ስለ ቀበሮው ልመልስ። ዋስትና የሚሰጥ ሰው ካለ አትመኑት፤ ግን ሳነቴ ላይ አንድ ሙሉ ቀን የቆየ ሰው ሳያይ የሚወርደው አልፎ አልፎ ነው። ሳያዩ የሚወርዱት አብዛኞቹ ሁለት ስህተት ይሠራሉ። አንዱ መቸኮል ነው፤ ወደ ባሌ ከፍተኛው ተራራ፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ፣ በጥድፊያ ነድተው፣ ፎቶ ተነስተው ይመለሳሉ። ሌላው በጣም ማልዶ ወጥቶ ገና ሲሞቅ መውረድ ነው።

የሁሉም ነገር ቁልፍ ፍልፈሉ ነው። የባሌው ትልቁ ፍልፈል በዓለም ላይ ከዚያ ተራራ ሌላ የትም የለም፤ እስከ 1 ኪሎ ግራም ሊጠጋ ይችላል፤ የቀበሮው ዋና ምግብ እሱ ነው። ሳነቴ ሌሊት ከዜሮ በታች ስለሚወርድ ፍልፈሉ ማለዳ ጉድጓዱ ውስጥ ነው፤ ፀሐይ መሬቱን ስታሞቅ ነው የሚወጣው። ቀበሮውም በቀን የሚያድን እንስሳ ስለሆነ ሰዓቱን ከእሱ ጋር ያስተካክላል። ማለዳና ምሽት ላይ በቡድን ሆነው ድንበራቸውን ሲዞሩ ይታያሉ፤ አደን ላይ ግን እያንዳንዱ ለብቻው ነው። ስለዚህ በአበሻ ሰዓት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሜዳው ላይ ሁኑ፣ እስከ 8 ሰዓትም አትውረዱ። ምሳችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ልጆቹ መጀመሪያ የሚፈልጉት ቀበሮውን ሳይሆን ጉድጓዱን ይሁን። አፈሩ አዲስ የተቆፈረ፣ ዙሪያው ያለው ሣር የታጨደ የሚመስል ቦታ ስታገኙ መኪናውን አቁሙ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ አሥር ደቂቃ ዝም በሉ። ፍልፈሉ ሙሉ በሙሉ አይወጣም። ትልቁን ጭንቅላቱን ብቅ ያደርጋል፣ አናቱ ላይ የተቀመጡት ጥቃቅን ዓይኖቹ ወደ ሰማይ ያያሉ፣ በጥርሱ የሣር እቅፍ ነጭቶ ወደ ኋላው ይሰምጣል። ብዙ ጊዜ አጠገቡ አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ ትቆማለች፤ አፈሩ ሲቆፈር የሚወጣውን ትል ትለቅማለች፤ እሷ ደንግጣ ስትነሳ ፍልፈሉም ይገባል። ቀበሮው ይህን ያውቃል። ጉድጓዱ አፍ ላይ አንገቱን ዝቅ፣ ጆሮውን ወደ ፊት አድርጎ እንደ ድንጋይ ይቆማል፤ ከዚያ አንዴ ይወረወራል።

ከተራ ቀበሮ ጋር እንዳይምታታባቸው፦ ቀይ ቀበሮ እግሩ ረጅም ነው፣ አፉ ሹል ነው፣ ጉሮሮውና ደረቱ ላይ ነጭ አለው፣ የጅራቱ ጫፍ ጥቁር ጎፈሬ ነው። ከሩቅ መጀመሪያ የሚታየው ቀዩ ሳይሆን ነጩ ነው። የባሌ ሰዎች በኦሮምኛ «ጀዳላ ፈርዳ» ይሉታል፣ የፈረስ ቀበሮ እንደማለት፤ ልትወልድ የተቃረበች ባዝራ እየተከተለ የእንግዴ ልጁን ስለሚበላ ነው።

ከመኪና አትውረዱ። መኪና ለምዷል፤ ቆሞ የሚሄድ ሰው ሲያይ ግን ይርቃል። የሚወልዱት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ስለሆነ በምትሄዱበት ወቅት ግልገል ያለበት ጉድጓድ ሊያጋጥማችሁ ይችላል። አስጎብኚው ቢያሳያችሁ እንኳ ቀረብ እንበል አትበሉ፤ እናትየው ከተረበሸች ግልገሎቹን በአፏ እያንጠለጠለች ሌላ ጉድጓድ ታዛውራለች፤ በዚያ ብርድ ይህ ለግልገሎቹ አደጋ ነው።

ደጋ ጤና፦

የመንገደኛው ምክር ሁሉ ጥሩ ነው፤ አንዱን ግን ቀይሩት። የመጀመሪያዋን ሌሊት ዲንሾ አትደሩ። ዲንሾ ከ3,100 ሜትር በላይ ነው፤ አዲስ አበባ 2,350 ገደማ ናት። በአንድ ቀን ከ700 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ መተኛት ለእናትሽም ለትንሹም ልጅ የመጀመሪያውን ሌሊት ያበላሻል። 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደፊት ቀጥላችሁ ሮቤ እደሩ፤ ሮቤ ከአዲስ አበባ እምብዛም አይበልጥም። በማግስቱ ቀኑን ዲንሾና ጋይሳይ ዋሉ፣ ማታ ጎባ ግቡ (2,700 ገደማ)። ሳነቴ፣ 4,000 ሜትሩ፣ ለሦስተኛው ቀን ይቆይ። ቀን ከፍ ብሎ ውሎ ማታ ዝቅ ብሎ ማደር ነው ዘዴው። አዲስ አበባ አራት ቀን ማረፋችሁም ትልቅ ጥቅም አለው፤ ከቨርጂኒያ ቀጥታ ብትመጡ ሌላ ነገር ነበር።

በ4,000 ሜትር የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው 60 ከመቶ ገደማ ነው። የታሸገው የድንች ቺፕስ እንደ ኳስ ሲነፋ ልጆቹ ራሳቸው ያዩታል፤ የፀሐይ ቅባቱን ክዳን ስትከፍቱም ተጠንቀቁ፣ ይፈናጠራል። ሰውነት ላይ የሚታየው ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ምግብ አለመፈለግ፣ ድካም ነው። የ9 ዓመት ልጅ «ራሴን አመመኝ» ላይል ይችላል፤ የሚወደውን ነገር እምቢ ካለ፣ ያለምክንያት ከተነጫነጨ እንደ ምልክት ቁጠሩት። ሕጉ አንድ ነው፦ ምልክት ያለበት ሰው ከፍ አይልም፤ ከባሰበት ይወርዳል። ጎባ ከሳነቴ 1,300 ሜትር ዝቅ ትላለች፣ በመኪናም ሩቅ አይደለችም፤ ብዙውን ጊዜ ያ ብቻውን መድኃኒት ነው። ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ የሚያስለው፣ ወይም ተረከዙን ከሌላው እግሩ ጣት ጋር እያገጣጠመ በቀጥታ መስመር ላይ መሄድ የሚያቅተው ሰው ካለ ግን ምሳና ፎቶ ቀርቶ ወዲያው መውረድና ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

እናትሽ ከመነሳታቸው በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ። ከፍታ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ መለኪያ መሣሪያ ካላቸው ይያዙት። ዳያሞክስ የሚባለውን የከፍታ መድኃኒት ሰው ሰጠን ብላችሁ አትዋጡ፤ በተለይ እሳቸው የሚያሸና የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ከዚያ ጋር ሲደረብ የፖታስየም መጠናቸውን ሊያወርደው ይችላል። ለሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ላለበት ሰውም አስቀድሞ መጠየቅ ግድ ነው። ሳነቴ ላይ ማንም አይሩጥ፤ ልጆቹን አስጠንቅቁ፣ ፎቶ ለመነሳት ሃያ ሜትር ሮጠው ነው የሚያቅለሸልሻቸው።

መንገደኛው፦

ልክ ነህ፣ ሮቤ ይሻላል። እንግዲያው በመጀመሪያው ቀን ዲንሾን ስታልፉ ጽሕፈት ቤቱ ክፍት ከሆነ ክፍያውን እዚያው ጨርሱ፣ አስጎብኚም ከአካባቢው ማኅበር ያዙ። ዋጋው ለኢትዮጵያዊና ለውጭ ዜጋ ይለያያል፤ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያለው ይዞት ይሂድ፣ አስቀድሞም ያሳይ። ደረሰኙን አትጣሉት፣ ሳነቴ ኬላ ላይ ትጠየቃላችሁ።

ከቨርጂኒያ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁሉም ገብቶኛል። አርባ ምንጭንና አዋሽን ትተናል። ሁለት ነገር ልጨምር። እናቴ ሳነቴ ባትወጣ በዚያን ቀን ምን ታያለች? ደግሞም እስከ ሮቤ በአውሮፕላን መሄድ ይሻላል የሚሉን ዘመዶች አሉ።

ዲንሾ በር፦

ለእናትሽ ጋይሳይና የዲንሾው ጫካ ከበቂ በላይ ነው። እንዲያውም ብዙ ሰው ለሳነቴ ሲጣደፍ የሚያልፈው ትልቅ ነገር እዚያ ነው ያለው። ጋይሳይ ዋናው መንገድ ዳር ያለ ሜዳ ነው። የደጋ አጋዘን በመንጋ የሚታየው እዚያ ነው፤ ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ ደጋ ሌላ በዓለም ላይ የትም የለም። ወንዱ ቀንዱ የተጠማዘዘ፣ ጉሮሮው ላይ ነጭ ምልክት ያለው፣ ግርማው የሚያስደነግጥ ነው። ከርከሮውም በመንጋ ይግጣል። ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት፣ ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ሂዱ፤ በቀትር ወደ አሜጃውና ወደ ጥዱ ይገባሉ። ጽሕፈት ቤቱ ግቢ ያለው ጫካ ደግሞ ጥድና ኮሶ ነው፤ አጋዘኑ ሰው ስለለመደ በጥቂት ሜትር ርቀት ቆሞ ያያችኋል፤ ጥቁሩ የምኒልክ ድኩላም ጥላ ጥላውን ሲሄድ ይታያል። መሬቱ ደልዳላ ስለሆነ እናትሽ ቀስ ብለው ይዞሩታል።

አውሮፕላኑን በተመለከተ፣ ጉልበት ይቆጥባል፤ ግን ሮቤ ላይ መኪና አስቀድማችሁ ካልያዛችሁ ሁለት ዲፍረንሻል ለማግኘት ግማሽ ቀን ይባክናል። ለአምስት ሰው የአምስት ትኬትና የመኪና ኪራይ ሂሳብ አስልታችሁ ወስኑ። ጥሩው አማካይ መንገድ መኪናውን ከሾፌሩ ጋር በየብስ ልኮ እናትሽንና አንድ ሰው በአውሮፕላን ማድረስ ነው።

ሀረና፦

አራተኛውን ቀን ማንም ስላላነሳው ልጨምር፤ የሀረናን ደን ሳያዩ መመለስ ባሌን ግማሽ ማየት ነው። ሳነቴን አቋርጣችሁ ደቡብ ጫፍ ላይ ስትደርሱ ሜዳው ድንገት ያልቃል፤ ከእግራችሁ ሥር ደመና ነው፣ ከደመናው ሥር ደን። መንገዱ እየተጠማዘዘ ከ4,000 ሜትር ይወርዳል። ጅብራው ይቀራል፣ አስታው ይመጣል፤ ሽበት የመሰለ ነገር ተንጠልጥሎበታል። ከዚያ ሪራ መንደር፣ ቀርከሃ፣ ከዚያም ግንዱ ሰው አቅፎ የማይጨርሰው ዛፍ። ቀርከሃው ውስጥ የባሌ ጦጣ ይኖራል፤ ዋና ምግቡ የቀርከሃ ቅጠል ነው። ጉሬዛ በየዛፉ አለ። ዝቅ ሲል የጫካ ቡና ይጀምራል፤ ማንም ሳይተክለው በጥላ ሥር የበቀለ። እናንተ በምትሄዱበት ጊዜ ለቀማው እየተገባደደ ስለሆነ በየደጁ ተሰጥቶ ታዩታላችሁ። ዛፍ ላይ ረጅም ድብልብል ነገር ተሰቅሎ ብታዩ ቀፎ ነው።

ጥንቃቄው ይሄ ነው። ቁልቁለቱን በፍሬን አትውረዱት፣ በከባዱ ማርሽ ያዙት። ሾፌሩ ፍሬን እየረገጠ ከወረደ ይግላል፣ ይሸታል፣ ከዚያ አይይዝም። ሽታው ከመጣ ደልዳላ ቦታ አቁማችሁ እስኪበርድ ጠብቁ፤ ውሃ አታፍሱበት፣ የጋለ ብረት ይሰነጠቃል። ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከሥር ስለሚወጣ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ወደ ጎባ መመለስ ጀምሩ፤ ሳነቴን በጨለማ ማቋረጥ ጥሩ አይደለም። ከፍታ የከበዳት እናት በዚያ ቀን ልትቀር ትችላለች፤ ሳነቴን ሁለት ጊዜ ማቋረጥ አለና።

ሶፍ ዑመርን ደርበን እንይ ብትሉ፣ አይሞክር። ዋሻው እጅግ ድንቅ ነው፤ 15 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ የወይብ ወንዝ የፈለፈለው፣ ለሙስሊሞችም ትልቅ የጉብኝት ስፍራ ነው። ግን ከሮቤ ወደ ምሥራቅ ሙሉ ቀን ይወስዳል፤ ውስጡም በተደጋጋሚ ወንዝ መሻገር አለ። ስድስተኛ ቀን ካላችሁ ብቻ።

ሽኮኮ፦

የሻንጣውን ነገር ልጨምር። የቨርጂኒያ የክረምት ጃኬታችሁን፣ ጓንትና የሱፍ ኮፍያ ያዙ። ቀን ደግሞ ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ባርኔጣ፣ መነጽር፣ ለከንፈር ቫዝሊን። ድሮን ያለፈቃድ ኤርፖርት ላይ ይያዛል፤ ቤት ተዉት። ቢኖኩላርም ጉምሩክ ላይ ጥያቄ ሊያስነሳ ስለሚችል አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ከያዛችሁም ሲጠይቋችሁ አሳዩ።

ምግብ ሳነቴ ላይ ለማብሰል አታስቡ። ውሃው 87 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ምስሩ ቶሎ አይበስልም። የገብስ ቆሎና ጭኮ ከሮቤ ወይም ከአሰላ ግዙ፤ ጭኮ በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት ስለሆነ በብርድ ውስጥ ከምንም በላይ ያቆማል። ሻይ በፔርሙስ። የተረፈውን ምግብ ግን አጥንትም ቢሆን ሜዳ ላይ አትጣሉ። ምግብ የወደቀበት ቦታ ውሻ ይመጣል፤ ውሻው ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታና ዲስተምፐር የሚባለውን ሌላ የውሻ በሽታ ይዞ ይመጣል። ቀይ ቀበሮን እያጠቃ ያለው ከሰው ጥይት ይልቅ ይህ ነው፤ በ2003 እና በ2008 እ.ኤ.አ. የእብድ ውሻ በሽታ፣ በ2010 ደግሞ ዲስተምፐር መንጋዎችን ጨርሷል።

ለ13 ዓመቱ ልጅ አንድ ነገር፦ ከዲንሾ ወደ ወይብ ሸለቆ በሚወስደው በኩል ፊንጫ ሀበራ የሚባል የድንጋይ መጠለያ አለ፤ ከፍታው 3,469 ሜትር። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንዳሳየው ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች እዚያ እየኖሩ ፍልፈሉን በእሳት ጠብሰው ይበሉ ነበር፤ በከፍተኛ ተራራ ላይ ሰው እንደኖረ ከሚያሳዩት ቀደምት ማስረጃዎች አንዱ ነው። መንገዱ ለፈረስ የሚሻል ስለሆነ ወደዚያ ለመሄድ በሁለተኛው ቀን ማለዳ ከዲንሾ ፈረስ መያዝ አለባችሁ፤ ከዋዜማው ለአስጎብኚው ካልነገራችሁት ፈረሱ በሰዓቱ አይደርስም።